ሒሳብና ኑሮ፦ «አንድ ቀንማ ይደርሰኛል»

ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በካይዘርሽትራሰ ወደ መሐል ከተማ የሚያቀና ሰው ዕድሉን እንዲሞክር የሚጋብዙት በሮች ጥቂት አይደሉም። እዚህ ኪዮስኩ መስኮት ላይ የሎቶ ቢጫ ምልክት ተለጥፎአል፤ እዚያ ወደ ሞዘልሽትራሰ ወይም ወደ ኤልበሽትራሰ ጠምዘዝ ሲባል መስታወቱ ውስጡን እንዳያሳይ የተሸፈነ ሽፒልሃለ አለ፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የኳስ ውርርድ ቤት ግድግዳው ሁሉ ቴሌቪዥን ሆኖ ይታያል። ባንሆፍስፊርቴል በስፋት ከከተማይቱ ትንንሽ ሠፈሮች አንዱ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ቢሆን ነው። ጣቢያው በ1888 ከተከፈተ ወዲህ መንገደኛ ያልተለየው ይህ ሠፈር ባንክና ቁማር ቤት፣ የቱርክ አትክልት መደብርና የሐበሻ ምግብ ቤት ተጎራብተው የሚኖሩበት ነው።

በእነዚያ በሮች ከሚገቡት መካከል ወገኖቻችንም እንዳሉበት የአደባባይ ምሥጢር ነው። ሆቴል ሲያጸዳ ወይም ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሦስት ዩሮ ለዕድሉ ቢጥል ማንም አይፈርድበትም። አሳሳቢው ሁለት ሦስቱ ዩሮ ሳይሆን አብራው የምትመጣዋ አነጋገር ናት፦ «ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ ሞክሬአለሁ፤ ከእንግዲህ አንድ ቀንማ ይደርሰኛል።» ይህች አነጋገር ተስፋ ብቻ አይደለችም፤ በውስጧ ሒሳብ አለባት። ሒሳቡም የተሳሳተ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሒሳብ ከየት መጣ? ከሞኝነት አይደለም። ብዙዎቻችን ስለ ዕጣ መጀመሪያ የተማርነው ከእቁብ ነው። እንበል 12 አባላት ያሉት እቁብ በየወሩ 200 ዩሮ ይጥላል። ዳኛው ፊት ስሞቹ በወረቀት ተጠቅልለው ይደባለቃሉ፣ አንዱ ይወጣል፣ የወጣለት ሰው 2,400 ዩሮውን ይወስዳል። በሚቀጥለው ወር የእርሱ ስም ከዕጣው ይቀራል፤ በ11 ሰው ይወጣል። ከዚያ በ10፣ ከዚያ በ9። ትዕግሥት ያለው ሰው በእቁብ ፈጽሞ አይከስርም። ዕጣው በዘገየ ቁጥር ወደ እርሱ እየቀረበ ይመጣል፤ 12ኛው ወር ላይ ወረቀቱን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። እንግዲህ በእቁብ ዓለም «አንድ ቀንማ ይደርሰኛል» ማለት ፍጹም ትክክል ነው።

የሎቶው ማሽን ግን እቁብ አይደለም። ቅዳሜ የወጣው ኳስ ረቡዕ ተመልሶ ይገባል። ማሽኑ ማን እንዳልደረሰው የሚመዘግብ ጸሐፊ የለውም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ የማሸነፍ ዕድሉ ልክ 1 ከ12 የሆነ ጨዋታ አለ እንበል። አንድ ሰው 12 ጊዜ ቢጫወት ቢያንስ አንዴ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት ነው? የእቁብ ልማድ ያለው አእምሮ ወዲያው ይደምራል፦ 1/12 ሲደመር 1/12 ... 12 ጊዜ፣ ድምሩ 12/12፣ ስለዚህ እርግጠኛ ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ 24 ጊዜ የተጫወተ ሰው ዕድሉ 24/12፣ ማለትም 200 ከመቶ ሊሆን ነው። ከእርግጠኛ በላይ እርግጠኛ የሆነ ነገር ደግሞ በዚህ ዓለም የለም። መደመሩ እንዳላዋጣ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? «ቢያንስ አንዴ» የሚለውን ቃል በቀጥታ ከመከተል ይልቅ ዞር ብሎ ከጓሮ በር መግባት ነው። «ቢያንስ አንዴ» ማለት አንዴ፣ ወይም ሁለቴ፣ ወይም ሦስቴ፣ እስከ 12 ጊዜ ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መቁጠር ያደክማል። ተቃራኒው ግን አንድ ብቻ ነው፦ «ፈጽሞ አንዴም»። በአንድ ሙከራ ያለማሸነፍ ዕድል 11/12 ነው። 12 ጊዜ በተከታታይ ያለማሸነፍ ዕድል 11/12 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ ይህም 0.352 ገደማ ይሆናል። ከ1 ላይ ሲቀነስ 0.648 ይቀራል። እንግዲህ ከ100 ተጫዋቾች 65ቱ ገደማ ቢያንስ አንዴ ሲያሸንፉ 35ቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። 24 ጊዜ ቢሞክሩም ከ100 ሰው 12ቱ ምንም አያገኙም። 36 ጊዜ ሞክረው ያልቀናቸው 4 ሰዎችም አሉ። እነዚያ አራቱ ሰዎች ኃጢአታቸው ምንድን ነው ቢባል፣ ምንም። 37ኛውን ሲሞክሩም ዕድላቸው እንደ መጀመሪያው ቀን ያው 1 ከ12 ነው።

ልጆቻቸው ጊምናዚዩም ወይም ሬያልሹለ የሚማሩ ወላጆች ይህን ነገር በልጆቻቸው ደብተር ላይ «ጌገንቫርሻይንሊሽካይት» በሚል ስም አይተውት ይሆናል። ስሙ ከአይሲኢ ባቡር ይረዝማል፤ ሥራው ግን አንድ መቀነስ ብቻ ነው። በአማርኛ የተቃራኒው ዕድል፣ ወይም ማሟያው ብንለው ያስኬዳል። አንድ ነገር የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል ሲደመሩ ሁልጊዜ 1 ነው፤ ስለዚህ አንደኛውን ያወቀ ሌላውን በመቀነስ ያገኛል። ዝናብ የመዝነቡ ዕድል 30 ከመቶ ከሆነ ያለመዝነቡ 70 ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጥበቡ ያለው መቼ እንደሚጠቅም በማወቅ ላይ ነው። በጥያቄው ውስጥ «ቢያንስ አንድ» የሚል ቃል ሲታይ (በጀርመንኛው «ሚንደስተንስ አይን») ልጁ እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት ተቃራኒውን ይጠይቅ። ለምሳሌ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ቢያንስ አንዲት ሴት ልጅ የማግኘቱ ዕድል ስንት ነው ቢባል፣ ወንድና ሴት እኩል ይወለዳሉ ብለን ከተነሣን፣ ሦስቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ በግማሽ፣ ማለትም 1/8 ነው። የቀረው 7/8 መልሱ ነው። አለቀ።

በመደመር የተሳሳቱት የባንሆፍስፊርቴል ሰዎች ብቻ ናቸው ብሎ የሚያፍር ካለ ይጽናና። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሸቫልየ ደ ሜሬ የሚባል ሰው ነበር፤ ስለ ዳይ ጨዋታ ብዙ የሚያስብ ሰው ነው። አንድ ዳይ አራት ጊዜ ተጥሎ ቢያንስ አንዴ 6 ይወጣል ብሎ መወራረድ እንደሚያዋጣ ያውቃል። ከዚያ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ሁለት ዳዮች አብረው ሲጣሉ ጥንድ 6 የመውጣቱ ዕድል 1 ከ36 ነው፤ 36 የ6 ስድስት እጥፍ ነውና ሙከራውንም ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 24 ጊዜ ካደረግሁት ውርርዱ ያው ማዋጣት አለበት። መደመር ብቻ ለሚያውቅ ሰው 4/6 እና 24/36 እኩል ናቸውና አስተሳሰቡ እንከን የለውም። ነገር ግን አላዋጣም። ሰውየው ተቆጥቶ አሪትሜቲክ ራሷን በራሷ ታፈርሳለች እስከማለት እንደደረሰ ብሌዝ ፓስካል በ1654 ለፒየር ደ ፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሰፍሮአል። የዕድል ሒሳብ እንደ አንድ የዕውቀት ዘርፍ መጸነሱ የሚቆጠረው ከእነዚህ ደብዳቤዎች ነው።

እስቲ ከጓሮ በር ገብተን እንየው። በአንድ ዳይ አራቴ 6 ያለመውጣቱ ዕድል 5/6 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 625/1296 ነው። ከ1 ሲቀነስ 671/1296፣ ማለትም 51.8 ከመቶ ገደማ። ከግማሽ ይበልጣልና ያዋጣል። በሁለተኛው 35/36 በራሱ 24 ጊዜ ሲባዛ 0.509 ይሆናል፤ ከ1 ሲቀነስ 49.1 ከመቶ። ከግማሽ ያንሳልና አያዋጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሦስት አይሞላም። ቁማር ቤት የሚኖረው ግን በእንደዚህ ያለች ቀጭን ልዩነት ነው፤ ልዩነቷ ቀጭን ብትሆንም ሁልጊዜ የምታጋድለው ወደ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሎቶው እንመለስ። የጀርመኑ ከ49 ስድስት የሚባለው ሎቶ የመጀመሪያ ዕጣው የወጣው ሐምቡርግ ውስጥ ኦክቶበር 9 ቀን 1955 ሲሆን የመጀመሪያዋ ኳስ 13 ነበረች። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ የቅዳሜው ዕጣ ከዚሁ ከፍራንክፈርት፣ ከሄሰን ብሮድካስት ጣቢያ፣ ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ሲታይ ኖሮአል። (በአገራችንም ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ የአዟሪው ድምፅ ከፒያሳና ከመርካቶ ጠፍቶ አያውቅም።) ከ49 ቁጥር 6 መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 13,983,816 ናቸው። ትልቁን ሽልማት ለማግኘት ሱፐርዛል የምትባለዋ ቁጥርም መግጠም ስላለባት ይህ በ10 ይባዛል፤ 1 ከ139,838,160 ማለት ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ ሁለቴ አንድ አንድ ረድፍ እየሞላ 40 ዓመት ሙሉ ቢጫወት 4,160 ጊዜ ይሆናል። ቢያንስ አንዴ ስድስቱን ቁጥሮች የማግኘት ዕድሉ ከ10,000 ሰዎች 3ቱ ብቻ ነው፤ ከሱፐርዛሏ ጋር ከሆነ ከ100,000 ሰዎች 3ቱ። በሌላ አነጋገር ከ100,000 ሰዎች 99,997ቱ ከመጀመሪያ ደመወዝ እስከ ጡረታ ተጫውተው ትልቁን ሽልማት አያዩትም።

ታዲያ ይህን ያህል ሩቅ ከሆነ ሰው ለምን ቅርብ ይመስለዋል? አንዱን ምክንያት የተቃራኒው ሕግ ራሱ ይገልጠዋል። አንድ ረድፍ የሞላ ሰው ከስድስቱ ቁጥሮቹ ቢያንስ አንዷ የመውጣቷ ዕድል ስንት ነው? አንዷም ያለመውጣቷ ዕድል 43/49 × 42/48 × 41/47 × 40/46 × 39/45 × 38/44 ሲሆን ውጤቱ 0.436 ነው። ከ1 ሲቀነስ 56.4 ከመቶ። ስለዚህ ተጫዋቹ በአብዛኛው ቀን ቢያንስ አንድ ቁጥሩን በዝርዝሩ ውስጥ ያገኛታል። «ለጥቂት!» ይላል። ለጥቂት አይደለም። ሦስትና ከዚያ በላይ ቁጥር የመግጠም ዕድል ከመቶ ሁለት አይሞላም። አንዷ ቁጥር እንደ ወዳጅ እየመጣች ሰላም ትለዋለች እንጂ ገንዘብ አታመጣለትም። ከሚሰበሰበው የሎቶ ገንዘብ ለሽልማት የሚመለሰው ግማሹ ገደማ መሆኑም መረሳት የለበትም።

በዚህ አጋጣሚ በሎቶው ታሪክ የደረሰ አንድ እውነተኛ ነገር ማንሣት ይገባል፤ ለርእሳችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝምና። ቅዳሜ ዲሴምበር 20 ቀን 1986 የወጡት ቁጥሮች 15፣ 25፣ 27፣ 30፣ 42 እና 48 ነበሩ። ጁን 21 ቀን 1995 እነዚያው ስድስት ቁጥሮች፣ አንድም ሳይጎድል፣ እንደገና ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወጡት ዕጣዎች 3,016 ነበሩ። 14 ሚሊዮን ከሚጠጉ ምርጫዎች በ3,016 ሙከራ አንዱ ይደገማል? ይህን የሰማ ሰው ማሽኑን ቢጠረጥር አይገርምም።

ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ጥያቄው «የ1986ቱ ቁጥሮች ይደገማሉ ወይ?» ቢሆን ኖሮ ተአምር ነበር። ጥያቄው ግን «ከ3,016 ዕጣዎች ቢያንስ ሁለቱ ይመሳሰላሉ ወይ?» ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል መጣች፤ እንግዲህ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው፦ ሁሉም የመለያየታቸው ዕድል ስንት ነው? ሁለተኛው ዕጣ ከመጀመሪያው መለየት አለበት፤ ሦስተኛው ከሁለቱ፤ አራተኛው ከሦስቱ፤ እንዲህ እያለ 3,016ኛው ከ3,015ቱ ሁሉ መለየት አለበት። እያንዳንዱ እርምጃ ቀላል ነው፤ ነገር ግን 3,015 እርምጃዎች አሉ። ሁሉም ሲባዙ ውጤቱ 0.72 ገደማ ይሆናል። ከ1 ሲቀነስ 0.28። እንግዲህ ያ ሁሉ ያስገረመው ነገር የመድረሱ ዕድል ከአራት አንድ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱም 3,016 ዕጣዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ 4,546,620 ጥንዶች ይሆናሉ፤ ከእነዚያ አንዱ ጥንድ ቢገጥም ይበቃል።

ይኸው ሒሳብ በልደት ቀንም ይታወቃል፤ 23 ሰዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ቢያንስ ሁለቱ አንድ የልደት ቀን የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። ይህን ግን በሐበሻ ስብሰባ ላይ መሞከር ዋጋ የለውም። በስደት ወረቀታቸው ላይ 1 ጃንዋሪ ተብሎ የተጻፈባቸው ስለሚበዙ ገና አምስት ሰው ሳይቀመጥ ሁለት መንታዎች ይገኛሉ። ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው፤ ሒሳቡ የሚሠራው ቀኖቹ ሁሉ እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው።

እስካሁን የተነገረው ዕድልን አግዝፎ ስለማየት ነበር። ተመሳሳይ ስሕተት በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ አደጋን አሳንሶ ማየት። በሚዩንሽነርሽትራሰ በሚያልፈው ሽትራሰንባን ያለ ቲኬት የሚሳፈር ሰው «እስከ ዛሬ አልተያዝኩም» ይላል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ተቆጣጣሪው ቢሆንም፣ ለምሳሌ ያህል በ25 ጉዞ አንዴ ኮንትሮል ይገባል እንበል። በአንድ ጉዞ ያለመያዝ ዕድሉ 96 ከመቶ ነው፤ እውነትም የሚያደፋፍር ቁጥር ነው። ሰውየው ግን አንዴ ብቻ አይሳፈርም። በወር 20 የሥራ ቀን ሄዶ ሲመለስ 40 ጉዞ ነው። 0.96 በራሱ 40 ጊዜ ሲባዛ 0.195 ይሆናል። እንግዲህ በወሩ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመያዝ ዕድሉ 80 ከመቶ ነው። ቅጣቱ ከ2015 ጀምሮ 60 ዩሮ ነው። ሲደጋገም ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 265ሀ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት አቁሞአል፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም የዜግነት ማመልከቻውን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

የኳስ ውርርዱም እንዲሁ ነው። በውርርድ ቤቱ የሚወደደው «ኮምቢ» ነው፤ አምስት ጨዋታ ተያይዞ ሁሉም ከገጠመ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። ተወራራጁ እያንዳንዱን ቡድን ለብቻው ይመለከትና «ባየርንማ አይሸነፍም» ይላል። እያንዳንዱ ግምቱ 80 ከመቶ ትክክል ነው እንበል፤ ይህ በጣም ጎበዝ ተመልካች ነው። አምስቱም የመግጠማቸው ዕድል 0.8 በራሱ አምስቴ ተባዝቶ 0.33 ነው። ቢያንስ አንዱ ቡድን የማሳፈሩ ዕድል 67 ከመቶ ማለት ነው። አሥር ጨዋታ ካያያዘ ደግሞ ወረቀቱ የመቀደዱ ዕድል 89 ከመቶ ይደርሳል። ከዚያ «አራቱ ገጥመውልኝ አንዱ አበላሸብኝ» ብሎ ያንን አንዱን ቡድን ሲረግም ያመሻል። ያ ቡድን ምንም አላደረገም። አንድ የሚያበላሽ መኖሩ ከመጀመሪያው የሚጠበቅ ነበር።

ሽፒልሃለውና የውርርድ ቤቱ ከእጅ አልወጣ ያለው ሰው ካለ፣ በሒሳብ ብቻ እንደማይመለስ የታወቀ ነው። ኪሳራውን የሚያውቅም ሰው ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው በጀርመን ከ2021 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ኦአሲስ የሚባል የእገዳ መዝገብ አለ፤ የሚያስተዳድረውም እዚሁ ሄሰን ውስጥ ያለው የዳርምሽታት ሬጊሩንግስፕሬዚዲዩም ነው። ሰውየው ራሱ ፈርሞ ስሙን ካስመዘገበ ቁማር ቤቶቹ መታወቂያውን አይተው እንዳያስገቡት ይገደዳሉ። እገዳው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ሲሆን ከሦስት ወር ሊያንስ አይችልም፤ ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀም አይነሣም። ቤተሰብም ማስረጃ አቅርቦ ሊያመለክት ይችላል። ሚስት ወይም ወንድም ይህን በር ማወቃቸው አይከፋም፤ ብዙዎች አይሰሙትምና።

ደግሞ ሙከራ ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት እንዳይመስል። መደጋገም በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ይህንንም የሚያሳየው ያው ሕግ ነው። በፍራንክፈርት ቤት መፈለግ ምን ያህል እንደሚያሰለች የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ማመልከቻ የመሳካት ዕድሉ 5 ከመቶ ብቻ ነው እንበል። አሥር ያስገባ ሰው ቢያንስ አንዱ የሚሳካለት 40 ከመቶ ዕድል አለው፤ ሃያ ያስገባ 64፤ ሠላሳ ያስገባ 79፤ ስድሳ ያስገባ 95። አሥር አስገብቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሥራውን ገና አልጀመረም። ዲቪ በ1995 የበጀት ዓመት ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ሲሞሉ የኖሩ ባልና ሚስትም እያንዳንዳቸው በየስማቸው መሙላታቸው ትክክል ነበር፤ ለአንድ ሰው ዕድሉ በዓመት 1 ከመቶ ቢሆን፣ በአሥር ዓመት 9.6 ከመቶ የነበረው ለሁለቱ 18 ከመቶ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለት ቅጽ ቢሞላ ግን ሁለቱም ይሰረዙበት ስለነበር እዚያ ላይ ማባዛቱ አይሠራም።

ማባዛቱ የማይሠራበት ሌላም ቦታ አለ፤ ቤት ፈላጊው ልብ ሊለው የሚገባ። 0.95 በ0.95 እያልን ያባዛነው እያንዳንዱ ማመልከቻ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም ብለን ነው። የደመወዝ ወረቀቱ የጎደለ ወይም ሹፋው ላይ ያልተከፈለ የስልክ ዕዳ የተመዘገበበት ሰው ስድሳ ማመልከቻ ቢያስገባ ስድሳዎቹም በአንድ ምክንያት ይወድቃሉ። ይህ ስድሳ ሙከራ ሳይሆን አንዱ ሙከራ ስድሳ ጊዜ ተገልብጦ ነው። እንዲህ ያለው ሰው 61ኛውን ከመላኩ በፊት ዕዳውን ከፍሎ ወረቀቱን ቢያሟላ ይሻለዋል።

ለዚህ ዕትም የቤት ሥራ የሚከተለው ነው። 20 አባላት ባሉት እቁብ ውስጥ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዕጣ አላቸው። ዕጣው በየወሩ ይወጣል፤ የወጣለት ስም አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከሁለቱ ቢያንስ አንዳቸው የመድረሳቸው ዕድል ስንት ነው? 5/20 እና 5/20 ደምሮ ግማሽ የሚል መልስ አይቸኩል፤ ሁለቱም በአምስቱ ወራት ሊደርሳቸው ስለሚችል ያ ድምር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለቱም ያለመድረሳቸው ይፈለግ፦ በመጀመሪያው ወር 18/20፣ በሁለተኛው 17/19፣ እያለ ይወርዳል። መልሱ በሚቀጥለው ዕትም ይወጣል።